ለእናቴ ሰፊ መቃብር ሊቆፍር የሄደው ሰው ይፈታልኝ

ለአካባቢው አስተዳደር የጸጥታና የሃይማኖት ተቋማት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
ባሉበት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ቢሮው ሳይከፈት የተጻፈ

ጉዳዩ፦ ሳልበደል «የግል ተበዳይ» ተብዬ የተመዘገብኩበት ክስ እንዲዘጋና በእኔ ስም የታሰረው ጎረቤቴ እንዲፈታ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ይህን ማመልከቻ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። በቢሮዎ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚውለው ማመልከቻ ጸሐፊ ጀምሮልኝ ነበር። «በታላቅ ትሕትና» ብሎ ከፈተ፣ «ምናልባት በአሠራር ክፍተት ምክንያት» ብሎ ቀጠለ። እኔ «ሰውየውን ያለ ጥፋቱ አሰሩት ብለህ ጻፍ» ስለው ብዕሩን አስቀመጠና «እትዬ፣ ለኃላፊ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝ። ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ስለዚህ በአጻጻፌ ትሕትና ቢጎድል እሱን እንዳይቀየሙት። ነገሩን በቁጥር ከፋፍዪው ያለኝን ምክር ግን ተቀብያለሁ፤ እስከቻልኩት ድረስ በቁጥር እሄዳለሁ።

1. እኔ በዚህ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ የተማሪዎችን የደንብ ልብስ በመስፋት የምተዳደር፣ እምነቴ ክርስትና የሆነ ሴት ነኝ። ስሜን ሳትጠይቁኝ በመዝገባችሁ ላይ ስለጻፋችሁት እዚህ አልደግመውም። «የግል ተበዳይ» ከሚለው ቃል ጎን ያገኙታል።

2. ተከሳሽ ተብሎ ጣቢያ የታሰረው ሰው ጎረቤቴ ነው። የቤታችን ግድግዳ አንድ ነው፤ እሱ ወዲያ ሲያስነጥስ እኔ ወዲህ «ይማርህ» እላለሁ። ሙያው ጉድጓድ መቆፈር ነው፤ የውሃ፣ የመጸዳጃ፣ የቤት መሠረት፣ የተገኘውን ሁሉ። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ፍልፈል ይለዋል። የገዛ ልጆቹ እንኳ ሲጣሉ «ቆይ ለፍልፈል ባልነግርብህ!» ነው የሚባባሉት። እምነቱ እስልምና ነው። አባቱ የመስጊዱ የቀድሞ ሙአዚን ናቸው፤ እኔም ሆንኩ ሰፈሩ አባባ ነው የምንላቸው። እድሜ ተጭኗቸው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። አንስቶ የሚያስቀምጣቸው፣ አገላብጦ የሚያጥባቸው ይኸው እናንተ ያሰራችሁት ልጃቸው ነበር።

3. የሁለቱ እምነቶች የመቃብር ስፍራዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ በመሃላቸው አንድ የድንጋይ አጥር አለ። በሰፈራችን ደንብ የሞተበት ወገን አይቆፍርም። ክርስቲያን ሲሞት የሚቆፍሩለት ሙስሊም ጎረቤቶቹ ናቸው። ሙስሊም ሲሞት የሚቆፍሩለት ክርስቲያን ጎረቤቶቹ ናቸው። ማን እንደጀመረው በትክክል አላውቅም። እናቴ ከእናቷ እንደሰማችው፣ ክፉ በሽታ ገብቶ በየቤቱ ሰው ባለቀበት ዘመን የአንዱ ወገን ሰው ሁሉ ሐዘንተኛ ሆኖ ቆፋሪ ሲጠፋ፣ የሌላው ወገን ሰዎች ገብተው ቆፈሩለት። ከዚያ ብድሩን መመለስ መጣ፤ ብድር መመለሱም ማብቂያ አጣና ደንብ ሆኖ ቀረ። ለሥራም ይመቻል፤ አርብ እነሱ ሲሰግዱ እኛ እጃችን ባዶ ነው፣ እሑድ እኛ ስናስቀድስ እነሱ አሉ። የእነሱ ሟች ወዴት ዞሮ እንደሚተኛ ግንበኛው ወንድሜ ያውቃል፤ የኛ ሟች ወዴት ዞሮ እንደሚተኛ ፍልፈል ያውቃል። ይህን የምነግርዎ በክሱ ላይ «በማይመለከተው የእምነት ስፍራ ተገኝቶ» ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ይመለከተዋል! ከእናንተ በፊት ይመለከተው ነበር።

4. ባለፈው ጊዜ «የመቻቻል ሳምንት» ብላችሁ ድንኳን ተከላችሁ። ቄሱንና ሼኩን መድረክ ላይ አቁማችሁ፣ እጅ ለእጅ አያይዛችሁ ፎቶ አስነሳችኋቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች የደም ግፊት መድኃኒት ከአንድ ጤና ጣቢያ የሚቀበሉ፣ አንዱ ቀድሞ ከደረሰ ለሌላው ወረፋ የሚይዝ ባልንጀሮች ናቸው። ፎቶ አንሺው «እንደገና፣ አንድ ጊዜ ብቻ» እያለ ሲያስቸግራቸው ሼኩ «ኧረ ከዚህ በላይ ተያይዘን ከቆምን ሚስቶቻችን ይቀናሉ» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁት። እርስዎም ስቀዋል፤ አይቼዎታለሁ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቻችሁ መሰላል ተሸክመው ሄደው በሁለቱም የመቃብር በሮች ላይ «የሌላ እምነት ተከታይ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። በሌላ ከተማ መቃብር ተደፍሮ ጠብ ተነስቶ ስለነበር ነው ተባለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ይሁን። ግን ከመስቀላችሁ በፊት ከዚህ ሰፈር አንድ ሰው ጠየቃችሁ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ሲባል አልሰማችሁም?

5. ሰሌዳውን ማንም አላነበበውም። በኛ በኩል ያለው የድሮ ጥበቃ ምስማር በማግኘቱ ተደስቶ ካፖርቱን ሰቀለበት። ጠዋት ይሰቅላል፣ ማታ ለብሶት ይሄዳል። ለቀብር የምንመጣው ቀን ቀን ስለሆነ ሁልጊዜ የምናየው ካፖርት ነው። በዚያ ካፖርት ሥር ፍልፈልና ጓደኞቹ ስንት ጊዜ አካፋ ይዘው ገቡ፤ ጥበቃውም «ግቡ፣ ግቡ፣ ዛሬ መሬቱ ለስልሷል» ይላቸው ነበር። ከዚያ ጥበቃው ጡረታ ወጣ ተባለ። ካፖርቱን ለብሶ ሄደ። በምትኩ ከጥበቃ ድርጅት አንድ ሰው አመጣችሁ፤ ሰፈሩን አያውቅ፣ ሰው አያውቅ፣ ሰሌዳ ግን ያነባል። በእሱ አልፈርድም፤ አንብብ ያላችሁትን ነው ያነበበው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ልጽፈው ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እናቴ ሞተች። መሞቷ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ አርጅታ ነበር፣ ልቧ ደክሞ ነበር። ግን እናቴ መቃብሯን አስቀድማ ተነጋግራበት ነበር። ሦስታችን፣ እሷ፣ ወንድሜና እኔ፣ ዕድሜ ልካችንን የኖርነው በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የኔ የልብስ ስፌት መኪና አንዱን ጥግ ይዟል፣ የወንድሜ የግንበኛ ዕቃ ሌላውን፣ እሷ መሃል። አንድ ቀን በር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ ፍልፈል ከሥራ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመጣ ጠራችው። «አንተ ፍልፈል፣ የኔን ጉድጓድ ሰፋ አድርገህ ነው የምትቆፍረው። እዚህ ቤት በሁለት ልጅ መሃል ተጣብቄ ነው የኖርኩት፤ እዚያ እንኳ ልገላበጥ» አለችው። እሱም «እማማ፣ ቪላ ነው የምሠራልዎት» አላት። እስክታስላት ድረስ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ባየችው ቁጥር «ቪላዬን እንዳትረሳ» ትለው ነበር፣ እሱም «ፕላኑ ጸድቋል» ይላታል።

ያረፈች ዕለት ፍልፈል መጥቶ ከወንድሜ ጎን ተቀመጠ፤ አልቅሶም አባብሎንም ሄደ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ዶማና አካፋውን ይዞ ከሌሎቹ ቀድሞ ወጣ። የቀደመው ሰፊ ጉድጓድ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ቃሉን ሊጠብቅ ነው የሄደው። ቆቡን አድርጎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሲቆፍር አዲሱ ጥበቃ አየው። ሙስሊም ነው፤ ያለው በክርስቲያን መቃብር ነው፤ ጉድጓዱ ደግሞ ለአንድ ሰው የሚበዛ ነው። በሩን ከውጭ ቆልፎ ፖሊስ ጠራ።

ፖሊሶቹ ምን እንደጠየቁትና ምን እንደመለሰ የማውቀው፣ ፈርሚ ብለው ቃሉን ስላነበቡልኝ ነው። «እዚህ ምን ትሠራለህ?» «ለጎረቤቴ መቃብር እቆፍራለሁ።» «ለምን ይህን ያህል አሰፋኸው?» «ሰፋ አድርገህ ቆፍርልኝ ብለውኝ ነው።» «ማን?» «እማማ።» «እማማ ማን ናቸው?» «የሚቀበሩት።» ከዚህ እውነተኛ መልሱ ተነስታችሁ በክሱ ላይ ምን ጻፋችሁ? «ተከሳሹ ትእዛዝ የሰጠችኝ ሟቿ ናት በማለት በሟች ላይ በማላገጥ፣ ለአንድ አስከሬን ከሚያስፈልገው በላይ የሰፋ ጉድጓድ ቆፍሮ ያልታወቀ ነገር ለመቅበርና ሃይማኖታዊ ግጭት ለመቀስቀስ በማሰብ» ብላችሁ። ኧረ ለመሆኑ ይህን የጻፈው ሰው እናት የለውም? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። አልፈርምም ብዬ ወረቀቱን መለስኩ። ሳልፈርም ስሜን ጻፋችሁት።

እኛ ይህን ሁሉ አናውቅም። በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደርጎላት፣ ሰው ተከትሎን፣ ሳጥኑን ተሸክመን መቃብሩ ጋ ስንደርስ ጉድጓዱ ጉልበት አይደርስም። ዙሪያውን የፖሊስ ጥብጣብ ተጠምጥሞበታል። የፍልፈል ዶማ እዚያው አፈር ላይ ተጋድሟል። ጓደኞቹ በሩ ላይ ታግደው ቆመው በአጥሩ ቀዳዳ ያዩናል። አዲሱ ጥበቃ «ከቤተሰብ ውጭ መቆፈር አይቻልም ተብያለሁ» አለ። ቤተሰብ! ቤተሰብ ማለት እኔና ወንድሜ ነን። የኛ ሰዎች ተያዩ። ማንም እጁን ሳይዘረጋ ወንድሜ ኮቱን አውልቆ ለኔ ሰጠኝና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ወንድሜ የእናቱን መቃብር በእጁ ቆፈረ። ዝርዝሩን ልጽፍልዎ አልፈልግም፤ ግን በመዝገባችሁ ውስጥ የሌለ ነገር ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ፀሐዩ ከብዷል፣ ቄሱ ደጋግመው ሰዓት ያያሉ፣ እሱ ይቆፍራል። እንባው ከላቡ ጋር ተቀላቅሎ ዓይኑን ስለጋረደው ምን ያህል እንደቆፈረ አላየም። ለመጨረስ ብቻ ቆፈረ። ከላይ ፍልፈል የጀመረው ሰፊ ነው፤ ከጉልበት በታች ወንድሜ የቆፈረው ጠባብ ነው። ሳጥኑ ሲወርድ ጎኑ ያዘ። እንደገና አወጣነው። ወንድሜ እንደገና ገባ፣ በእጁ ጭምር ቧጠጠው፤ እንደገና አወረድነው። እናቴ በጠባብ ቦታ ተኛች። በዕድሜዋ ሁሉ የለመነችው አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም በእናንተ ሰሌዳ ምክንያት አላገኘችም። አልረሳውም! እናንተም እንድትረሱት አልፈልግም።

ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ሥራ አልሄደም። ግንበኛ ያለ አካፋ አይሠራም፤ እሱ ደግሞ አካፋ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በር ላይ፣ እናቴ ፀሐይ ትሞቅበት በነበረበት ቦታ ተቀምጦ ይውላል። የሚነሳው አንድ ነገር ለማድረግ ብቻ ነው፤ ወደ ጎረቤት ገብቶ አባባን ያነሳቸዋል፣ ያጥባቸዋል፣ ያገላብጣቸዋል፣ ወደ በሩ ይመለሳል። ፍልፈል የሠራውን ሥራ እሱ ተክቶታል። ለአባባ ልጃቸው መታሰሩን አልነገርናቸውም። «ልጄ የት ሄደ?» ሲሉ «ሩቅ አገር ጉድጓድ ሊቆፍር ሄዷል» እንላቸዋለን። «ውሃው ወጣለት?» ይላሉ። «ገና ነው አባባ፣ ጥልቅ ነው መሰለኝ» እላቸዋለሁ። ለእሳቸው የዋሸሁት ውሸት በማን ላይ እንደሚጻፍ እርስዎ ይወቁት።

ጣቢያ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። መርማሪው ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። «እናቴ፣ እርስዎ ተበዳይ ነዎት፤ ቤትዎ ተቀምጠው ውጤቱን ይጠብቁ» አለኝ። «አልተበደልኩም» አልኩት። «መበደልዎን እኛ አረጋግጠናል» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ልቅሶዬ መጣ። እናቱ የሞተችበትም እናቱ ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳሉ ይባላል፤ እናንተ ግን እናቴ የሞተችብኝን እኔን ቤትሽ ተቀመጪ ብላችሁ ስለእኔ ታለቅሳላችሁ። እናንተም ቢሮ መጣሁ። ጸሐፊዎ «ኃላፊው በአብሮ መኖር ላይ ስብሰባ ናቸው» አለችኝ። በማግስቱም ስብሰባ ነበሩ። አብሮ መኖር ይህን ያህል ስብሰባ እንደሚፈልግ እኛ ሳናውቅ ስንኖር ነበር።

ሰፈራችንን መልአክ የሚኖርበት አድርጌ እንዳላቀርብልዎ። እንጣላለን። እኔና የፍልፈል ሚስት በፍሳሽ ውሃ ተኮራርፈን ከርመናል፤ የእነሱ ቦይ ወደኛ በር ያፈሳል፣ እሷ ደግሞ የኛ ነው ወደነሱ የሚያፈሰው ትላለች። ባልዋ ታስሮ እንኳ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም፤ እኔ ስንቅ ሳደርስለት በወንድሜ በኩል ነው ዕቃውን የምትልክልኝ። ይህ የኛ ጠብ ነው፣ ሃይማኖት የለበትም፣ ጣልቃ እንድትገቡበትም አልጠይቅም። የኔ ወገን ሰዎችም ንጹሕ አይደሉም። ለቅሶ ላይ ከሰበካ ጉባኤው አንዱ ጠጋ ብሎ «እውነቱን ለመናገር የኛን መቃብር የኛ ሰው ቢቆፍር አይሻልም?» አለኝ። «ያን ቀን አካፋህ የት ነበር? ሁለቱም እጅህ ኪስህ ውስጥ ነበር እኮ» አልኩት። በእነሱም በኩል ለፍልፈል ሚስት «ድሮስ የሰው መቃብር ውስጥ ምን አገባው?» ያሏት አሉ። እንዲህ ያለው ሐሳብ ድሮም በአንዳንዱ ሆድ ውስጥ ነበር፤ አልክድም። ግን አፍ አውጥቶ የሚናገር አልነበረም። አሁን «ሰሌዳውም እንዲያ ይላል» እያለ ይናገራል። ይህን አፍ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ ለዚህ ነው ከፍልፈል መታሰር ያላነሰ የሚያናድደኝ።

ስለሆነም ከዚህ በታች ያለውን እጠይቃለሁ። ወደ ቁጥር ተመልሻለሁ።

1. ጎረቤቴ ፍልፈል ዛሬውኑ ከእስር እንዲፈታ። ዋስ ካስፈለገ እኔ ዋስ ነኝ። የምተዳደርበት የልብስ ስፌት መኪናዬ መያዣ ይሁን።

2. ከክሱ ላይ ስሜ እንዲሰረዝ። በስሜ ማንንም አትክሰሱ።

3. «በሟች ላይ በማላገጥ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዲነሳና ፍልፈል እውነቱን እንደተናገረ እንዲመዘገብ። ትእዛዙን የሰጠችው በእርግጥ ሟቿ ናት። እኔ ምስክር ነኝ።

4. በሁለቱም በሮች ላይ ያሉት ሰሌዳዎች እንዲወርዱ። ማውረዱ ከከበዳችሁ ምስማሩን ተዉልንና ካፖርት እንሰቅልበታለን።

5. እንደገና ስለኛ ስትሰበሰቡ ከኛ አንድ ሰው ጥሩ።

ማመልከቻዬን እዚህ ላይ ጨርሼ ለመፈረም ተዘጋጅቼ ነበር። በር ተንኳኳ።

የፍልፈል ሚስት ናት። ከተኮራረፍን ጀምሮ በሬን አንኳኩታ አታውቅም። ነጠላዋን ሳታስተካክል ቆመች። «አባባ አረፉ» አለችኝ። አቅፌያት ሁለታችን እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አልን፣ የፍሳሹ ውሃ በእግራችን መሃል እያለፈ። «ሊነጋጋ ሲል ነቅተው ጠየቁኝ» አለች። ምን ብለው እንደጠየቁ ሳትነግረኝ አወቅሁ። «ወጣለት አልኳቸው» አለች። «ንጹሕ ውሃ ነው አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ ብለው ዓይናቸውን ከደኑ።»

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ እነሱ ሙታናቸውን አያሳድሩም። ቀብሩ ዛሬ ነው። ከላይ በተራ ቁጥር አንድ «ዛሬውኑ» ያልኩት ለማጋነን ነበር፤ አሁን ግን በእውነት ዛሬ ነው፣ ያውም ከቀትር ስግደት በፊት። ያ ሰው አባቱን ሲያጥብ፣ ሲያገላብጥ፣ ሲያጎርስ የኖረ ሰው ነው። አባቱን ሳያይ ቢቀር ይህን በደል በየትኛው መዝገብ ትጽፉታላችሁ? ተበዳዩስ ማን ይባላል?

ይህን ስጽፍ ወንድሜ ከበር ላይ ተነሳ። የፍልፈልን ሚስት አያት፣ እኔን አየኝ፣ ወደ ክፍላችን ገባ። ከጥግ ያለው ዕቃው ሲንኳኳ ሰማሁ። ሲወጣ አካፋው ትከሻው ላይ ነበር። ከእናቴ ቀብር ወዲህ የነካው ዛሬ ነው። የፍልፈል ሚስት «የት ነው? አይሆንም፣ ሰሌዳው አለ፣ አንተንም ያስሩሃል» ብላ ልትይዘው ተነሳች። እሱም እጇን ቀስ አድርጎ አስለቀቀና «ሰፋ አደርገዋለሁ» አላት። የሰፈሩ ሦስት ክርስቲያን ግንበኞች ሲያልፍ አይተው ዕቃቸውን ይዘው ተከተሉት።

ስለዚህ መዝገብ ያዥዎ ይዘጋጅ። ወንድሜ ክርስቲያን ነው። የሚገባው ወደ ሙስሊም መቃብር ነው። ሰሌዳችሁ እዚያም በር ላይ ተሰቅሏል። የሚቆፍረውም ሰፊ ጉድጓድ ነው፤ አስቀድሞ ተናግሯል፣ ምስክሮች አሉ። በእናንተ ደንብ ከፍልፈል ያላነሰ ወንጀለኛ ነው። የግል ተበዳዩ ደግሞ የሟች ልጅ መሆኑ ነው። እሱን ፍለጋ መኪና አታስነሱ፤ እናንተው ጋ ታስሯል። ከክፍሉ አውጡትና ጠይቁት፤ «ጎረቤትህ የአባትህን መቃብር እየቆፈረ ነው፣ ተበድለሃል ወይ?» በሉት። መልሱን እኔ አልነግራችሁም፣ ከራሱ አፍ ስሙት። ከሰማችሁ በኋላ ግን ወደ ክፍሉ አትመልሱት። በሩን ክፈቱለትና ይሂድ፣ አባቱን ይቅበር።

እናቴ ከሰው ደጅ ሰላም ሳትይ አትመለሺ ብላ ስላሳደገችኝ፣

ከሰላምታ ጋር

የሟች ልጅ፣ የደንብ ልብስ ሰፊዋ፣
በመዝገባችሁ «የግል ተበዳይ» የተባልኩት
(ፊርማ አለው)

ግልባጭ፦
ለፖሊስ ጣቢያው አዛዥ
ለቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ
ለመስጊዱ ኮሚቴ
ለአዲሱ ጥበቃ፣ እንዲያነበው